የአጎቴ አርሞኒካና የወሎ ቅኝቶች

የናስ ሽታ ከእጅ ቶሎ አይለቅም። ባለፈው ክረምት ፒያሳ አካባቢ ወደ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ገብቼ፣ ባለ ሱቁ ከመስታወቱ ሥር አንዲት አርሞኒካ አውጥቶ ሲሰጠኝ፣ ገና ወደ አፌ ሳላስጠጋት ሽታዋ ቀደመኝ። አዲስ ብረት፣ ትንሽ ዘይት፣ የእንጨት ጠረን። አንድ ነገር ብቻ ጎድሏታል፤ የኩበት ጭስ። እኔ የማውቃት አርሞኒካ ኩበት ኩበት ትሸት ነበር። ባደግሁባት የወሎዋ ወረኢሉ ኩበት የማይሸት ነገር አልነበረም፤ ባናውም፣ ጋቢውም፣ ደብተራችንም ያው ነበር። ደጋው ገላጣ ነው፤ ነፋሱ ከጉጉፍቱ በኩል ሲመጣ የሚያግደው የለም፤ ምድጃው ደግሞ በኩበት ነው የሚነደው። ያ ጭስ የእንጨቱ አካል ውስጥ ገብቶ ከናሱ ጋር ተዋህዶ ነበር። አርሞኒካዋን አፍ ላይ ሲያደርጓት መጀመሪያ የሚቀመሰው ቤታችን ነበር ማለት ይቻላል።

የአጎቴ ነበረች። አጎቴ ከደሴ አሥመራ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ሠርቷል፤ አሥመራ ገዝቷት መጣ። አረንጓዴ ካርቶን ሣጥን ነበራት፤ ክዳኑ ማዕዘኑ ላይ ተቀዶ በነጭ ክር ተሰፍቷል። ቀዳዳዎቿ ከላይና ከታች በሁለት ረድፍ የተደረደሩ፣ ርዝመቷ ከአጎቴ መዳፍ የሚያልፍ። ሲነፋት ድምፅዋ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ይርገበገባል። ኋላ ምክንያቱን ተረዳሁ። እንዲህ ዓይነቷ ትሬሞሎ ትባላለች፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ ሁለት የናስ ምላሶች አሏት፤ አንዱ ከሌላው እጅግ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ይቃኛል፤ ሁለቱ አብረው ሲንቀጠቀጡ ድምፁ ይዋዥቃል። ያኔ ግን የማውቀው አጎቴ ትዝታ ሲጫወት አያቴ እንዝርቷን አስቀምጣ ዝም እንደምትል ብቻ ነው።

በእኛ ሰፈር የትንፋሽ ዜማ የሚጀመረው ግን ከአርሞኒካ አልነበረም። ወረኢሉ የትንፋሽ ድምፅ እንግዳ የማይሆንባት ከተማ ናት። አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ የሸዋ ሰው በጥቅምት አጋማሽ ተጠቃልሎ እንዲከት ያዘዙት እዚህ ነው። ሽማግሌዎቹ ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ከጠመንጃው በፊት ነጋሪቱን፣ መለከቱንና እምቢልታውን ያነሡ ነበር። እኛ ልጆቹ ደግሞ ዋሽንት ነበረን። ከብት የሚጠብቅ ሁሉ ዋሽንት ይሞክራል፤ ጥቂቱ ይዘልቅበታል።

ዋሽንት የሚመረጠው በጣት ነው። ከእኔ ከፍ የሚል አንድ እረኛ ሸምበቆ ቆርጦ፣ ጣሪያ ሥር ሰቅሎ ካደረቀ በኋላ፣ «እጅህን አምጣ» አለኝ። ጣቶቼን በሸምበቆው ላይ ዘርግቶ፣ ሳይጨንቃቸው የሚያርፉበትን ቦታ በከሰል ምልክት አደረገ። ከዚያ የጋለ ብረት ከእሳቱ አወጣ፤ ምልክቱ ላይ ሲያሳርፈው ሸምበቆው ጢስ ተፋ፤ አራት ቀዳዳ። ለትንሽ እጅ አጭር ዋሽንት፣ ለትልቅ እጅ ረጅም። ረጅሙ ወፍራም ድምፅ አለው፤ የአዋቂዎቹን ዋሽንት አንሥቼ ስሞክር ጣቴ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ሳይደርስ ይቀር ነበር። ጀማሪ የሚጀምረው እጁ በሚደርስበት ነው። ይህን ነገር የነገረኝ መጽሐፍ የለም፤ ያ ልጅ በከሰል አሳየኝ።

አንድ ምሽት ግን ሁለቱ ተገናኙ። ቡና ተፈልቶ፣ አቦሉ ተጠጥቶ፣ ከማዶ ካለው ቤት የመንዙማ ድምፅ ከድቤው ጋር እየመጣ (የእኛ አገር ምሽት እንዲህ ነው፤ የአንዱ ቤት ጸሎት ለሌላው ቤት ማምሻ ይሆናል)፣ ዋሽንት በመንፋት የታወቁ አንድ ጎረቤታችን ገቡ። እኛ አባባ ነበር የምንላቸው። አጎቴ ትዝታ ጀምሮ ነበር። አባባ ከጉያቸው ዋሽንት አወጡና ሊከተሉት ሞከሩ። አልገጠመም። ዜማው ያው ትዝታ ነው፤ ግን የአንዱ መነሻ ከሌላው መነሻ ይጋጫል፤ ጥርስ ያንጫርራል። አጎቴ ቆመ። አባባ ምንም አልተጨነቁም። ጋቢያቸውን ገልጠው በጨርቅ የተጠቀለለ እስር አወጡ፤ ውስጡ ርዝመታቸው የተለያየ ዋሽንቶች ነበሩበት። አንዱን አንሥተው ከንፈራቸው ላይ አሳረፉት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መለሱት። ሌላ አነሡ። «እስቲ አሁን አምጣው» አሉት። አጎቴ ነፋ። ሁለቱ ድምፆች አንድ ላይ ገቡ። ኩበቱ ምድጃው ውስጥ ሲሰበር እንኳ የሚያነሣው ሰው አልነበረም።

ከዚያ አባባ አንቺ ሆዬን አመጡ። አጎቴ ሊከተል ሞከረ፤ በአንድ ቦታ ያገኘዋል፤ በሌላው ያጣዋል፤ የሚፈልገው ድምፅ በሁለት ቀዳዳዎች መካከል የሆነ ቦታ ቀርቶበታል። አርሞኒካዋን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አዳመጠ። «እዚህች ላይ አንቺ ሆዬ የለችም» አለ። ይህ አነጋገሩ ዕድሜ ልኬን ተከትሎኛል፤ እውነትም ነበር።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የእህቴ ልጅ ጥያቄ ነው። መካነ ሰላም ነው የምትኖረው፤ ወሎ ቦረና። የምትወደው ዜማ ብዙ ነው፤ ቤታቸው ግን ኪቦርድ የሚገዛ አቅም የለም። በስልክ «ጋሼ፣ አርሞኒካ ልጀምር ነው፤ የትኛዋን ልግዛ?» አለችኝ። ፒያሳ የገባሁት ለዚህ ነው። ባለ ሱቁ ሦስት ዓይነት ደረደረልኝ፤ እኔም መልስ የሰጠኋት አባባ ከእስራቸው መርጠው እንዳወጡት ሁሉ፣ ከምትዘፍነው ዜማ ተነሥቼ ነው።

የመጀመሪያዋ እንደ አጎቴ ያለችው ትሬሞሎ ናት። እውነቱን ለመናገር እጄ መጀመሪያ የሄደው ወደ እሷ ነበር። ድምፅዋ ብቻውን ቤት ይሞላል፤ አንድ ልጅ ሲነፋት የሁለት ሰው ድምፅ ትመስላለች። ነገር ግን ምላሶቿ ጥንድ ጥንድ በመሆናቸውና ለየብቻቸው በተዘጋ ክፍል ውስጥ በመቀመጣቸው፣ በትንፋሽ ብልሃት ድምፁን ወደ ታች መጎተት አይቻልም። ያላት ድምፅ ያላት ነው፤ ሌላ አይጨመርባትም።

ሁለተኛዋ ትንሿ ባለ አሥር ቀዳዳዋ ናት። ሃያ ምላሶች አሏት፤ አሥሩ እፍ ሲሉ፣ አሥሩ ሲስቡ የሚጮኹ። ሆነር የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ማሪን ባንድ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1896 ያወጣት ዓይነት ይህች ናት፤ ዐድዋ በተደረገበት ዓመት መሆኑ ነው። ማቲያስ ሆነር ራሱ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ ትሮሲንገን በምትባል ትንሽ ከተማ አርሞኒካ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1857 ነው። ሥሯ ግን ከዚያም ይርቃል፤ ቀጭን ምላስ በትንፋሽ እያንቀጠቀጡ ዜማ ማውጣትን ቻይናዎች ሼንግ በሚባለው የቀርከሃ መሣሪያቸው ከሺህ ዓመታት በፊት ያውቁት ነበር። የአኮርዲዮንም ድምፅ የሚመጣው ከዚሁ ምላስ ነው። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ላይ ለብቻው በቀረጸው ካሴት አኮርዲዮኑን ሲያንጎራጉር የሰማ ሰው፣ የናስ ምላስ ለእኛ ቅኝት እንግዳ አለመሆኑን ያውቃል።

ሦስተኛዋ ከጎኗ የምትገፋ ቁልፍ ያላት ክሮማቲክ ናት፤ ስቲቪ ወንደር የሚጫወታት። አሥራ ሁለቱም ድምፆች አሉባት፤ አንቺ ሆዬም ትገኝባታለች። ዋጋዋ ግን የጀማሪ አይደለም፤ ጥገናዋም እንዲሁ። ገና ትንፋሹን ያልገራ ሰው ቁልፍ መግፋት ተጨምሮበት ሁለቱንም ያበላሸዋል። ይህችን መለስኩለት።

ስለዚህ ትንሿን ያዝኩ፤ ጎኗ ላይ የእንግሊዝኛው ሲ ፊደል የተቀረጸባትን። ባለ ሱቁ ጂም ኤፍም ነበረው። ጂ ወፍራም ናት፤ ብዙ ትንፋሽ ትጠይቃለች፤ ኤፍ ቀጭን ናት፤ ጆሮ ትወጋለች። ሲ መሃል ላይ ናት፤ የማስተማሪያ መጻሕፍቱና ቪዲዮዎቹም አብዛኞቹ በሲ ነው የሚያስተምሩት። አርሞኒካ እንደ ክራርና እንደ ማሲንቆ ክሯን ጠምዘዝ አድርገው ከዘፋኙ ድምፅ ጋር የሚያስማሟት አይደለችም፤ እንደ ዋሽንት ናት፤ ከአንድ ድምፅ ተነሥታ ትሠራለች፤ ሌላ መነሻ የፈለገ ሌላ ይይዛል። አባባ ዋሽንቶቻቸውን በእስር የያዙት ለዚህ ነው፤ የአርሞኒካ ተጫዋቾችም ቀበቶ ሙሉ ይዘው የሚዞሩት ለዚሁ ነው።

የእህቴን ልጅ በስልክ ያስተማርኳት ቀዳዳውን በቁጥር እየጠራሁ ነው። «አራተኛው ላይ እፍ በይ፤ ዶ ነው። እዚያው ሳቢ፤ ሬ። አምስተኛው ላይ እፍ በይ፤ ሚ። ስድስተኛው ላይ እፍ በይ፤ ሶል፤ እዚያው ሳቢ፤ ላ። ሰባተኛው ላይ እፍ በይ፤ ላይኛው ዶ።» ትንሽ ዝም አለች፤ ከዚያ ቀስ እያለች ደገመችው፤ ሦስተኛ ስትደግመው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ጋሼ፣ ትዝታ እኮ ነው!» አለች። ትዝታ ነበር። አምስቱ ድምፆች እዚያው ተሰልፈው ተቀምጠዋል።

አምባሰልም አለች፤ መነሻዋን ከሚ ካደረጉት። አምስተኛው ላይ እፍ፣ እዚያው ስበት፤ ስድስተኛው ላይ ስበት፤ ሰባተኛው ላይ መጀመሪያ ስበት፣ ቀጥሎ እፍ። ሰባተኛው ላይ ጀማሪ ሁሉ ይደናገራል፤ እስከ ስድስተኛው ድረስ ሲስቡ ድምፁ ከፍ ይል የነበረው፣ ከሰባተኛው ጀምሮ ሲስቡ ዝቅ ይላል። እጅ ሳይሆን ትንፋሽ እስኪለምደው መታገሥ ነው። ባቲም አለች፤ ከዶ ተነሥቶ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ቲ፤ ወይም ማይነሩን ለሚወድ ከሬ ተነሥቶ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ። ትዝታ ማይነርም ከላ ተነሥታ ትወጣለች። ጀርመን አገር፣ ጥቁር ደን አጠገብ የተቀመጠ ሰዓት ሠሪ አምባሰልን አያውቃትም፤ ባቲንም አያውቃትም፤ በሠራት መሣሪያ ላይ ግን ሁለቱም ይገኛሉ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ያሉት ቀዳዳዎች ግን ለእኛ አይመቹም። ፋ እና ላ እዚያ የሉም። ጉድለት አይደለም፤ የተሠራችው ዜማውን በኮርድ ለሚያጅብ ሕዝብ ነው፤ ሦስቱን ቀዳዳ በአንድ ላይ እፍ ሲሉ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ተደራርበው አጃቢ እንዲሆኑ ነው። የእኛ ዜማ ብቻውን የሚሄድ ነው፤ ኮርድ አይጠብቅም። ስለዚህ የወሎን ዜማ የሚጀምር ልጅ ቤቱ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ነው፤ አንዷን ቀዳዳ ብቻ ለይቶ መንፋትን እዚያ ይልመድ።

አንቺ ሆዬስ? አጎቴ የተናገረው ለእሱ አርሞኒካ ልክ ነበር። በትንሿ ላይ ግን መንገድ አላት። ሲስቡ አፍን ከውስጥ ሰፋ፣ ምላስን ወደ ኋላ ዝቅ ሲያደርጉ፣ የናሱ ድምፅ ጎብጦ ወደ ታች ይወርዳል፤ ተጫዋቾቹ ቤንድ ይሉታል። ከሦስተኛው ቀዳዳ እፍ ብለው ሶልን ይይዛሉ፤ ያንኑ ስበው እስከ ታች ድረስ በማጉበጥ ከሶል ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለችውን ያገኛሉ፤ አራተኛውን እፍ፤ አራተኛውን ስበው በግማሽ ያጎብጡታል፤ አምስተኛውን እፍ። አንቺ ሆዬ ሙሉ ሆና ትመጣለች። ለጀማሪ የሚቻል ነገር አይደለም፤ ወራት ይፈልጋል፤ የሦስተኛው ቀዳዳ ቤንድማ ከሁሉም ይከብዳል። ግን በሯ አልተዘጋም። ከትሬሞሎዋ ይልቅ ይህችን የመረጥኩት በዚህ ብቻ ነው። አጎቴ ያን ምሽት ጉልበቱ ላይ ያስቀመጣት አርሞኒካ የቱንም ያህል ቢለማመድባት አትሰጠውም ነበር፤ የእህቱ የልጅ ልጅ የያዘችው ግን፣ ከታገሠች፣ ትሰጣታለች።

ሌላው ምክሬ ከደጋው የመጣ ነው። መሃሉ እንጨት የሆነችውን ተውኳት፤ ሽታዋን ወድጄ ሳለሁ። እንጨቱ በምራቅ ያብጣል፤ ጫፉ ይወጣና ከንፈር ይልጣል፤ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ፕላስቲኳ ይህ የለባትም። ከመግዛት በፊት ሁሉንም ቀዳዳ አንድ በአንድ፣ በቀስታ፣ እፍም እያሉ እየሳቡም መሞከር ነው፤ አንዱ ቀዳዳ ትንፋሽ እያፈሰሰ ድምፅ ካቆየ፣ መመለስ። የወረኢሉና የመካነ ሰላም ጠዋት ብርድ ነው፤ ቀዝቃዛ ናስ ላይ ትንፋሽ ሲያርፍ ውኃ ይሆንና ምላሱን ይይዘዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በመዳፍ ወይም በብብት ማሞቅ። በሶ በልቶ፣ ቆሎ ቆርጥሞ፣ አፍን ሳይጉመጠመጡ መንፋት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ አንዲት የበሶ ቅንጣት አንድ ድምፅ ትዘጋለች። ተጫውተው ሲጨርሱ ቀዳዳዎቹን ወደ ታች አድርጎ መዳፍ ላይ መታ መታ ማድረግ። አጎቴ እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ ቱክ ቱክ የሚለው ድምፅ ለእኛ የመተኛ ሰዓት ምልክት ነበር።

ከዚያ ክረምት በኋላ ወረኢሉ ሄጄ ነበር። የአጎቴ ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኗል፤ ምድጃው የነበረበት ቦታ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተቀምጧል፤ ኩበቱ ግን ከጓሮ ተከምሮ አሁንም አለ። አጎቴ ካረፈ ቆይቷል። አርሞኒካዋ የት እንደገባች የሚያውቅ አላገኘሁም። ከብት የሚጠብቁት ልጆች ስልክ ይዘዋል፤ ከስልኩ የሚወጣው ዜማ ቅኝቱ ያው የወሎ ነው፤ ድምፃዊቷ ማሪቱ ለገሠም ታዜማለች፤ ሜዳው ላይ ግን የሚነፋ ልጅ አላየሁም። ስልክን አልነቅፍም፤ የእህቴ ልጅ ቤንድን ልትማር ያሰበችው ከስልኳ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አባባ ያን ምሽት ዋሽንት እየቀያየሩ የአጎቴን መነሻ ድምፅ በጆሮ ብቻ ሲያገኙት ያሳዩን ነገር በቪዲዮ ውስጥ የለም። ቪዲዮው ይናገራል እንጂ አይሰማም። አጠገብ ተቀምጦ «እስቲ አሁን አምጣው» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

መካነ ሰላም ላይ እንዲህ ያለ ሰው አለ። የእህቴ ልጅ ነገረችኝ፤ ገበያ ሲወጡ ዋሽንት የሚነፉ አዛውንት ናቸው፤ አፍራ አልቀረበቻቸውም። አርሞኒካዋን ይዛ ሄዳ፣ አራተኛውን ቀዳዳ እፍ ብላ፣ የትኛው ዋሽንታቸው እንደሚገጥማት እንድትጠይቃቸው አጥብቄ ነግሬያታለሁ። እናንተም ልጃችሁ አርሞኒካ ካማረው ባለ አሥር ቀዳዳዋን፣ በሲ የተቃኘችውን፣ መሃሏ ፕላስቲክ የሆነውን ግዙለት፤ ከዚያ በአካባቢያችሁ ዋሽንት የሚነፋ ሽማግሌ ካለ፣ ልጁን ከነአርሞኒካው ወደ እሱ ላኩት።